ሆዱ የማን ነው

ተነጋጋሪዎች፦
አዝመራው፦ ዕድሜው ሃምሳ ስምንት። ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ሱፐርቫይዘር። ቦራ የሚባል ፈረስ አለው። የማያውቀው ነገር እስካሁን አልተገኘም።
ደጉ፦ ዕድሜው አርባ። ዳንግላ ከተማ ጋሪ ይነዳል። ቦራን አስራ አንድ ዓመት የጫነው እሱ ነው። ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል።

[እንጅባራ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ። ጥር 14 ቀን 2010 ዓ.ም.። ክፍሉ የነፍሰ ጡሮች መመርመሪያ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚስቅ ሕፃን ፎቶ ተለጥፏል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ርብቃ ከሰዓት በኋላ አልትራሳውንዱን ከነክፍሉ ትዋሳለች። አዝመራው አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ሸሚዙ እስከ ደረቱ ተገልቧል፤ ሆዱ በጄል ተለውሷል። ደጉ ጋቢውን ተከናንቦ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ርብቃ ሆድ ላይ የምታንሸራትተውን የማሽኑን እጀታ ይዟል። መብራት ሄዶ ስክሪኑ ጠቁሯል። ርብቃ «ጄኔሬተር አስነስቼ እስክመጣ እንዳትንቀሳቀሱ» ብላ ወጥታለች።]

አዝመራው፦ የላይኛው ነው!

ደጉ፦ የታችኛው ነው ያለችው።

አዝመራው፦ አንተ ሰውዬ፣ መብራት ሳይሄድ ስክሪኑ ላይ ስንት መስመር ነበር?

ደጉ፦ ሦስት። አንዱ ባንዱ ላይ።

አዝመራው፦ ጎበዝ። በየትኛውም መሥሪያ ቤት ኃላፊው የሚቀመጠው የት ነው? ከላይ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁ፣ አውቃለሁ።

ደጉ፦ ሥራውን የሚሠራውስ?

አዝመራው፦ [ጥቂት ያስባል] እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ደጉ፦ እሷ ስለሚሠራው ነው የምታወራው። ከሥር ያለው ስስ መስመር። ወገብን እንደ መቀነት ዞሮ የያዘ ጡንቻ ነው አለች። ሲሠራ ስክሪኑ ላይ ወፈር ይላል። የላይኞቹ ሁለቱ ያኔ ዝም ማለት አለባቸው።

አዝመራው፦ የላይኞቹ ዝም ብለው የታችኛው ብቻ ሲሠራ የት አገር ታይቷል?

ደጉ፦ እኔ እንጃ።

አዝመራው፦ እኔ እንጃ! ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው፣ ገባህ? ዘጠኝ! ጥር ሃያ ሦስት ለዓመታዊው የፈረስ በዓል ፈረሰኛው ሁሉ እዚሁ እንጅባራ ሲሰበሰብ፣ «አዝመራው የት አለ?» ሲባል ምን ሊባል ነው?

ደጉ፦ ሆዱን እያሠለጠነ ነው ይባላል።

አዝመራው፦ እታለማሁ ደግሞ ኮርቻውን እልፍኝ አስገብታ ቆልፋበታለች። «ርብቃ የፈረመችበት ማኅተም ያለው ወረቀት ካላመጣህ ኮርቻ አታይም» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስት! የኔ ቃል አንሶ ማኅተም!

ደጉ፦ አምና ወድቀው ወገብዎን ከተጎዱ በኋላ አራት ወር ደግፈው ያነሱዎት እሳቸው ናቸዋ።

አዝመራው፦ አልወደቅኩም። ኮርቻው ነው የዞረው።

ደጉ፦ እርስዎ ላዩ ላይ ነበሩ።

አዝመራው፦ ነበርኩ።

ደጉ፦ ከዞረ በኋላስ?

አዝመራው፦ ከሥሩ ነበርኩ። እሱ መውደቅ አይባልም።

ደጉ፦ እሺ።

አዝመራው፦ አሁን ምን ይዘሃል?

ደጉ፦ ይሄን... ሆድ ላይ የምታሽበትን።

አዝመራው፦ ፕሮብ ይባላል። ፕ-ሮ-ብ። በሱ ነው ማሽኑ ወደ ውስጥ የሚያየው። እንዳትጥለው! ደግሞ እሱ ነው ጉዴን የሠራው። ሲነካኝ እንደ በረዶ ነው። የእንጅባራ ብርድ አንሶኝ! ጡንቻዬ ደንግጦ ነው እምቢ ያለው እንጂ ሌላ ምንም ችግር የለበትም።

ደጉ፦ ቀዝቃዛ ነው ለማለት ነው?

አዝመራው፦ ሰው ጭንቅላት ካለው ያሞቀዋል!

[ደጉ ፕሮቡን ያያል። አዝመራውን ያያል። ቀስ ብሎ ፕሮቡን ጋቢው ውስጥ፣ ከሸሚዙ ሥር ያስገባና ሆዱ ላይ ይለጥፈዋል። ትንሽ ይሰቀጥጠዋል።]

አዝመራው፦ ውጭ ወረፋ የያዙት ሴቶች ምን ጠየቁህ? ስገባ ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ።

ደጉ፦ «ሽማግሌው ምን ሆነው ነው እዚህ የሚገቡት?» አሉኝ።

አዝመራው፦ ምን አልክ?

ደጉ፦ «ስድስተኛ ቀናቸው ነው፤ እስካሁን ምንም አልታየም» አልኳቸው።

አዝመራው፦ [ዓይኑን ጨፍኖ] ሌላ ምንም አላልክም?

ደጉ፦ አንዷ «እግዜር ያውቃል፣ ተስፋ አይቁረጡ» በላቸው ብላኛለች።

አዝመራው፦ ስማ፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም። የማስተማር ዘዴዋ ነው። ሱፐርቫይዘር ነበርኩ፣ የማስተማር ዘዴ ሳይ አውቃለሁ። ትናንት ያለችኝን ሰምተሃል? «ሽንት እንደሚይዝ ሰው ከታች ቀስ አድርገው ይሳቡ፣ ቤትዎም ይለማመዱ።» እሺ ብዬ ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ተለማመድኩ። ከዳንግላ እስከ አዲስ ቅዳም ያዝኩ!

ደጉ፦ እውነተኛውን ነው የያዙት?

አዝመራው፦ ሌላ ምን አለ?

ደጉ፦ እንደሚይዝ ሰው ነው እኮ ያለችው። ከአዲስ ቅዳም በኋላስ?

አዝመራው፦ ከአዲስ ቅዳም በኋላ ሚኒባሱ ቆመ።

ደጉ፦ እርስዎ ነዎት ያስቆሙት።

አዝመራው፦ ሹፌሩ ነው ያቆመው። እኔ ጮህኩ እንጂ ፍሬን አልያዝኩም።

ደጉ፦ እውነት ነው።

አዝመራው፦ ደግሞ «ትንፋሽዎን አይያዙ» ትላለች። ሰው ትንፋሹን ሳይዝ ምን ጉልበት አለው? ጆንያ ስትሸከም ምን ታደርጋለህ?

ደጉ፦ ጋሪው ነው የሚሸከመው።

አዝመራው፦ አይ ደጉ! ይኸውልህ፣ ተመልከት። [ትልቅ ትንፋሽ ስቦ ይይዛል። ሆዱ ይነፋል። ፊቱ ይቀላል። በመጨረሻ ይፈነዳል።] ይሄ... ይሄ ነው ጉልበት!

ደጉ፦ ጋሼ፣ አምና ቦራን የጫነው ማን ነው?

አዝመራው፦ ምን አመጣው አሁን? እኔው ራሴ። አንተ ጫግኒ ለቅሶ ሄደህ አልነበር?

ደጉ፦ ጠፍሩን ከሆዱ ሥር ሲያስሩ ቦራ ምን አደረገ?

አዝመራው፦ ምን ያደርጋል? ቆመ። ነፋ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ወታደር ቆመ። ተመቻቸልኝ።

ደጉ፦ ነፋ ብሎ።

አዝመራው፦ ነፋ ብሎ።

ደጉ፦ ተነፈሰ?

አዝመራው፦ የፈረስ ትንፋሽ ቆጣሪ ነኝ እንዴ?

ደጉ፦ ቦራ ጠፍር ሲያይ ትንፋሹን ውጦ ሆዱን ይነፋል። የታሰረው የጠበቀ ይመስላል። ትንሽ ሄዶ ሲተነፍስ ሆዱ ይሟሽሻል፣ ጠፍሩ ይላላል፣ ኮርቻው ይዞራል።

አዝመራው፦ ፈረስ እንዲህ አያስብም። የትም መጽሐፍ ላይ የለም።

ደጉ፦ ቦራ መጽሐፍ አላነበበም።

አዝመራው፦ እሺ፣ አንተስ ምን ታደርገዋለህ?

ደጉ፦ አስሬው እቆማለሁ። በአዊኛ አጫውተዋለሁ። ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ። መያዙ ሲሰለቸው እፍ ብሎ ያወጣዋል። ያኔ ሁለት ቀዳዳ ጨምሬ አጠብቃለሁ።

አዝመራው፦ በአማርኛ ብታወራውስ?

ደጉ፦ ይሰማል። ግን ትንፋሹን አይለቅም። ሱፐርቫይዘር የመጣ ይመስለዋል።

[አዝመራው ሆዱን ቀና ብሎ ያያል።]

አዝመራው፦ እና ምን ልትል ነው?

ደጉ፦ ርብቃ «ይሳቡ» ስትልዎ እርስዎ የሚያደርጉት ልክ እንደ ቦራ ነው። ይነፋሉ፣ ይይዛሉ። እሷ ደግሞ እስኪተነፍሱ ትጠብቃለች። እርስዎ ግን አይተነፍሱም፤ ይናገራሉ።

አዝመራው፦ ከፈረስ ጋር ነው የምታስተያየኝ?

ደጉ፦ ከቦራ ጋር ነው እኮ ያልኩት። ቦራ ጥሩ ፈረስ ነው።

አዝመራው፦ ይሄ ጥናት የተካሄደበት ሙያ ነው! ሆድ በማሽን እየታየ የሚሠለጥንበት! አንተ የጋሪ ሰው ምን አግብቶህ? በል ጊዜ አናባክን። እስክትመጣ እንለማመዳለን። እኔ እመራለሁ፣ አንተ አጅበኝ። ብቻዬን ስስብ ያስጠላኛል።

ደጉ፦ እኔም ልሳብ?

አዝመራው፦ ሳብ! ባይሆንልህም ሳብ። ዝግጁ? አንድ... ሁለት...

[አዝመራው ነፍቶ ይይዛል። ደጉ ቀስ ብሎ ትንፋሹን ያወጣና ሆዱን ከታች ይስባል። መብራት ይመጣል። ማሽኑ ጢው ይላል። ስክሪኑ ይበራል፤ ሦስቱ መስመሮች ብቅ ይላሉ። የታችኛው በዝግታ ወፈር ይላል።]

አዝመራው፦ [ትንፋሹን እያፈነዳ] ደጉ! ደጉ፣ እይ!

ደጉ፦ ጋሼ፣ ፕሮቡ እኮ...

አዝመራው፦ ፕሮቡን ተወው፣ መስመሩን እይ! ተንቀሳቀሰ! የታችኛው! እኔ ምን አልኩ?

ደጉ፦ የላይኛው ነው አሉ።

አዝመራው፦ የታችኛው ነው ያልኩት! እይ፣ አልለቀቀም። እየተናገርኩ እንኳን አይለቅም! ለቅቄዋለሁ፣ እሱ ግን ይዞልኛል! ይሄ ነው የሠለጠነ ጡንቻ ማለት።

ደጉ፦ ጋሼ፣ ይሄ ሆድ ግን...

አዝመራው፦ ይሄ ሆድ ግን ምን? ይሄ ሆድ የፈረሰኛ ሆድ ነው! ልዩነቱን እንድታይ ነው እዚህ የተቀመጥከው። አየህ፣ የላይኞቹ ዝም ብለዋል። ጨዋ ናቸው። በል አሁን ተንፍሰን ደግመን እንሳብ።

[ደጉ ይተነፍሳል፤ መስመሩ ቀጠን ይላል። ደጉ ይስባል፤ ወፈር ይላል። አዝመራው መሃል ላይ ያስነጥሰዋል። መስመሩ ንቅንቅ አይልም።]

አዝመራው፦ አስነጥሼ እንኳን! ስልኬን አቀብለኝ። ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው።

ደጉ፦ [በአንድ እጁ ስልኩን እየሰጠው] ጋሼ፣ ሳይደውሉ በፊት አንድ ነገር...

አዝመራው፦ ቆይ አንተ! [ይደውላል] ሃሎ! እታለማሁ! ... ኔትወርኩ ነው፣ ወደ ደጅ ውጪ። ... ተንቀሳቀሰ! ... ጡንቻው ነዋ! ... ርብቃ የለችም፣ ስክሪኑ ግን አለ። ስክሪን ደግሞ እንደ ሰው አይዋሽም። ... ወረቀቱ ይመጣል፣ መጀመሪያ ማይልኝ። በጊዮርጊስ በይ። «አሁን ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሆድ ባለቤት ጥር ሃያ ሦስት ቦራ ላይ ይወጣል፣ ኮርቻውን በእጄ አውጥቼ እሰጠዋለሁ» በይ። ... በይ እንጂ! ... አዎ፣ የሆዱ ባለቤት። ... [ስልኩን ደረቱ ላይ ያኖረዋል] ማለች። እታለማሁን ታውቃታለህ፤ ከማለች አለቀ።

ደጉ፦ እሳቸው ከማሉ አያፈርሱም።

አዝመራው፦ አያፈርሱም!

[በሩ ይከፈታል። ርብቃ ትገባለች። ስክሪኑን ስታይ ፊቷ ይፈካል። የአዝመራውን ሆድ ታያለች፤ ከጄል በቀር ምንም የለበትም። ከማሽኑ የሚወጣውን ገመድ በዓይኗ ትከተላለች። ገመዱ በአልጋው እግር አልፎ፣ በርጩማውን ዞሮ፣ ደጉ ጋቢ ውስጥ ይገባል።]

አዝመራው፦ ርብቃ ልጄ፣ እንኳን መጣሽ! ፈርሚ! ማኅተሙ የታለ? ... ምንድን ነው የምታይው?

[አዝመራውም ገመዱን በዓይኑ ይከተላል። አልጋው እግር፣ በርጩማው፣ ጋቢው።]

አዝመራው፦ ደጉ።

ደጉ፦ አቤት ጋሼ።

አዝመራው፦ ጋቢህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ደጉ፦ ፕሮቡ።

አዝመራው፦ እዚያ ምን ይሠራል?

ደጉ፦ እየሞቀ ነው።

አዝመራው፦ ከመቼ ጀምሮ?

ደጉ፦ ጭንቅላት ያለው ሰው ያሞቀዋል ካሉ ጀምሮ።

አዝመራው፦ ታዲያ አትነግረኝም?

ደጉ፦ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ነበር።

[ርብቃ ስክሪኑን እያየች «እንዲህ ያለ ጥሩ ሥራ እዚህ ክፍል አይቼ አላውቅም፤ ማን አስተማረህ?» ትለዋለች።]

ደጉ፦ አንቺው ነሽ። ስድስት ቀን ሙሉ ለጋሼ ስታስረጂ እሳቸው እየተናገሩ ነበር። የሚሰማሽ ስታጪ ጊዜ አሳዘንሽኝ፣ ሰማሁሽ። ማታ ማታ ጋሪዬን ፈትቼ እለማመዳለሁ። ወገቤ ተሻለኝ።

አዝመራው፦ አንተንም ወገብህን ያምህ ነበር?

ደጉ፦ የዳንግላ ኮረኮንች ነው። አስራ አምስት ዓመት።

[ከአዝመራው ደረት ላይ የሴት ድምፅ ይሰማል።]

ደጉ፦ ጋሼ፣ ስልኩን አልዘጉትም።

አዝመራው፦ [ስልኩን ጆሮው ላይ ያደርጋል] ሃሎ... ሰማሽ? ... ሁሉንም? ... አይ፣ እኔ ያልኩት እንደሱ ለማለት... አዎ፣ የሆዱ ባለቤት ብያለሁ። ... አዎ፣ ምለሻል። ... ጊዮርጊስን አትጥሪብኝ እንግዲህ! ... እሺ። ... እሺ አልኩ። [ስልኩን ያወርዳል] ኮርቻውን ከእልፍኝ አወጣችው።

ደጉ፦ ለማን?

አዝመራው፦ ለሆዱ ባለቤት።

[ደጉ ፕሮቡን ከጋቢው አውጥቶ በሁለት እጁ ለርብቃ ይሰጣታል። ርብቃ ጠርጋ፣ አዲስ ጄል ቀብታ አዝመራው ሆድ ላይ ታሳርፈዋለች። ስክሪኑ ላይ ሦስት መስመሮች ይታያሉ። አንዱም አይንቀሳቀስም።]

አዝመራው፦ ሞቋል።

ደጉ፦ እንዳይበርድዎት ብዬ ነው።

አዝመራው፦ ደጉ፣ አስራ አንድ ዓመት ስትጭነው አንድ ቀን ቦራ ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?

ደጉ፦ አላውቅም። ጭኜ ልጓሙን እሰጥዎታለሁ። ከዚያ ጋሪዬ ላይ ቆሜ አያለሁ።

አዝመራው፦ መውጣት ትፈልግ ነበር?

ደጉ፦ በየዓመቱ።

አዝመራው፦ በየዓመቱ! ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳን ሳትጠይቀኝ?

ደጉ፦ እየተናገሩ ነበር።

[አዝመራው አፉን ይከፍታል። ይዘጋዋል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሕፃን ሲያይ ይቆያል።]

አዝመራው፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ዘንድሮ አንተ ውጣ። እኔ ጋሪው ላይ ቆሜ አያለሁ። ደስ ይለኛል... ደስ አይለኝም፣ ግን ውጣ።

[እፍፍፍ ብሎ ረጅም ትንፋሽ ያወጣል። ስክሪኑ ላይ የታችኛው መስመር በዝግታ ወፈር ይላል። ርብቃ እስክሪብቶዋን ታነሳለች።]

ደጉ፦ ጋሼ! መጣ! የርስዎ ነው!

አዝመራው፦ መጣ? የታችኛው? እኔ ድሮም የታችኛው ነው ስል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁ ሰው...

[መስመሩ መቅጠን ይጀምራል። ርብቃ እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች።]

ደጉ፦ ጋሼ፣ ዝም ይበሉ። እየሄደ ነው።